ሁለተኛውን ጥያቄ ማን ይጠይቅ?

በዚህ ወር ከጎጃም የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት አንድ ጉዳይ ነው። የመረጥነው ሰው ምክር ቤት ገብቶ ምን ይጠይቃል? ከጠየቀስ መልሱ የት ይደርሳል? ከጤና ጣቢያ መድኃኒት እስከ ማዳበሪያ፣ ከውኃ እስከ መንገድ ጽፋችሁልናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገናል። የጸሐፊዎቹን ስም፣ አብዛኛውን ጊዜም የወረዳቸውን ስም ሆን ብለን ትተናል፤ ለምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፈው ከምሥራቅ ጎጃም ነው፤ የአራት ልጆች እናት ነኝ። ጤና ጣቢያችን ይመረምረናል፣ ወረቀት ይጽፍልናል፣ መድኃኒቱን ግን ከውጭ ግዙ ይለናል። የጤና መድን ደግሞ በየዓመቱ እንከፍላለን። ተመራጫችን መጥቶ ሰበሰበን፣ ነገርነው፣ እውነቱን ለመናገር ጉባኤ ላይም ጠይቆልናል። የተሰጠው መልስ «ችግሩ ይታወቃል፣ ትኩረት ተሰጥቶት እየተሠራ ነው» የሚል ነው። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን ምን እናድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ተመራጩ የእናንተን ጉዳይ ይዞ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው፤ እዚያም የማይደረስበት ቦታ ብዙ ነው። የጎደለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ማንም ኃላፊ የተዘጋጀ መልስ ይዞ ነው አዳራሽ የሚገባው። ነገሩ የሚለየው ሁለተኛው ላይ ነው፦ ማን ነው የሚሠራው? በየትኛው በጀት? እስከ መቼ? «ትኩረት ተሰጥቶታል» ውስጥ ከእነዚህ አንዱም የለም፤ ተመራጩም አመስግኖ ተቀመጠ፣ አፈ ጉባኤውም ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ።

ሌላም ነገር አለ። «መድኃኒት የለም» የሚለው ጥያቄ በጣም ሰፊ ነው። ኃላፊው ሲፈልግ በፌዴራል ያመካኛል፣ ሲፈልግ በውጭ ምንዛሪ፣ ሲፈልግ በመንገድ። ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚያጣበት ምክንያት ግን የሚለይ ነው። አንዳንዴ ዋናው አቅራቢ፣ ማለትም የፌዴራሉ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፣ በመጋዘኑ መድኃኒቱ ራሱ አይኖርም። አንዳንዴ መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ አለ፣ ጤና ጣቢያው ግን የሚገዛበት ገንዘብ የለውም። ጤና ጣቢያ የሚሰበስበውን ገቢ መልሶ ለራሱ እንዲጠቀም ይፈቀድለታል፤ ታካሚው ሁሉ በመድን የሚታከም ሆኖ መድኑ ሂሳቡን በጊዜ ካልከፈለው ታዲያ በምን ይገዛል? አንዳንዴ ደግሞ ገንዘቡም መድኃኒቱም እያለ ግዢው በሰዓቱ ሳይጠየቅ ይቀራል፣ እሱ በግልጽ የአስተዳደር ድክመት ነው።

ስለዚህ ተመራጫችሁ በሚቀጥለው ጉባኤ እንዲህ ይበል፦ «ባለፈው ጉባኤ ትኩረት ተሰጥቶታል ተብሎ ተመዝግቧል። ባለፉት ስድስት ወራት መድኑ ለዚህ ጤና ጣቢያ መክፈል የነበረበት ስንት ብር ነው? የከፈለው ስንት ነው? ቀሪውስ በየትኛው ወር ይከፈላል?» ይህን በተዘጋጀ ንግግር ማለፍ ከባድ ነው። ኃላፊው ሳይመልስ ቢቀር እንኳ አለመመለሱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል።

የእናንተ ድርሻ ደግሞ አለ። ከግል መድኃኒት ቤት የገዛችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉት። የጎረቤትም ሰብስቡ። የመድኃኒቱ ስም፣ ቀኑ፣ ዋጋው ያለበት አሥር ደረሰኝ ይዞ የሚገባ ተመራጭና «ሕዝቡ እያማረረ ነው» ብሎ የሚገባ ተመራጭ እኩል አይደመጡም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢ ሕክምናና የቤተሰብ ምጣኔ በጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጡ አገልግሎቶች ናቸው። ለእነዚህ ከውጭ ግዙ ተብላችሁ ከሆነ ለብቻው አስጽፉት፤ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ከእጥረትም ያለፈ ነው።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የማስተምር መምህር ነኝ። ሰው ሁሉ ለወረዳው ይጮኻል፣ ወረዳው ወደ ዞን ይጠቁማል፣ ዞኑ ወደ ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ። የትኛው ጉዳይ የማን እንደሆነ በአጭሩ ብትጽፉልን ለብዙ ሰው ይጠቅማል።

መልስ፦ መምህር፣ ትክክል ብለዋል። ጥያቄ የሚሞተው መጀመሪያ እዚህ ላይ ነው።

ከደጀን በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር የሚሄደው ዋናው አስፋልት የፌዴራል ነው። መብራትና ቴሌም እንደዚያው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናም የፌዴራል ናቸው። ስለ እነዚህ የሚጠየቀው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመረጣችሁት ሰው ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ላይ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን እንዳለው በግልጽ ይናገራል። የክልሉ ምክር ቤት ደግሞ ርዕሰ መስተዳድሩንና የቢሮ ኃላፊዎችን ይጠይቃል፦ የደብረ ማርቆሱ ትልቁ ሆስፒታል፣ የገጠር መንገድ፣ የአንደኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍት፣ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና እዚያ ናቸው። የጤና ጣቢያውና የትምህርት ቤቱ የዕለት ተዕለት ሥራ፣ የመምህሩና የነርሷ ደመወዝ፣ የቀበሌው ውኃ፣ የልማት ጣቢያው ሠራተኛ ወረዳ ላይ ናቸው።

አስቸጋሪው ሁለት ሦስት እጅ የሚያልፍ ጉዳይ ነው። ማዳበሪያን እንውሰድ፤ ጎጃም ላይ ከዚህ በላይ የሚያንገበግብ ጥያቄ የለም፣ በ2015 ዓ.ም ገበሬው እስከ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ የጮኸበት ነው። ከውጭ ገዝቶ የሚያስገባው ፌዴራል ነው። ለክልሉ የመጣውን ለየወረዳው የሚደለድለው ክልል ነው። ገበሬው እጅ የሚያደርሱት ዩኒየኖችና መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። «ማዳበሪያ ለምን ዘገየ?» ብሎ ለአንዱ ብቻ መጠየቅ ሌሎቹን ማስመለጥ ነው። ለፌዴራሉ «ስንት ኩንታል ገዛችሁ፣ መቼ ወደብ ደረሰ?» ለክልሉ «ከደረሳችሁ ውስጥ ለዚህ ወረዳ ስንት ተመደበ፣ በምን መስፈርት?» ለወረዳው «ከተመደበው ስንቱ መጋዘን ገባ፣ ስንቱ በዝርዝር ለገበሬ ወጣ?» እንዲህ ሲጠየቅ ቁጥሩ የት ላይ እንደጎደለ ይታያል። የአሲዳማ መሬት ማከሚያ ኖራም በዚሁ መንገድ መጠየቅ አለበት። የጎጃም ደጋ አፈር በአሲድ ተጎድቶ እያለ፣ ማዳበሪያ ብቻ እየቆጠሩ ኖራን መርሳት በገበሬው ላይ ሁለት ጊዜ መፍረድ ነው፤ አፈሩ ካልታከመ በውድ የተገዛው ማዳበሪያም የሚገባውን ያህል አያበቅልም።

ጥያቄ፦ የቡሬ ልጅ ነኝ። ዞናችን ምክር ቤት የለውም ወይ? አዊ ግን አለው ሲባል ሰማሁ።

መልስ፦ የሰማኸው ልክ ነው። በክልሉ ሕገ መንግሥት የብሔረሰብ አስተዳደር የሆኑ ዞኖች፣ እንደ አዊ ያሉት፣ የራሳቸው የተመረጠ ምክር ቤት አላቸው፤ መቀመጫውም እንጅባራ ነው። ምሥራቅም ምዕራብም ጎጃም ግን የክልሉ መንግሥት እርከን እንጂ የተመረጠ ምክር ቤት ያላቸው አይደሉም። ስለዚህ የዞን መምሪያ ላይ ቅሬታ ካለህ የሚጠይቅልህ የክልል ምክር ቤት ተመራጭህ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፣ ዞን ላይ የሚወሰነውም ነገር ብዙ ነው፤ እኔ ይህ ክፍተት በደንብ ሊወራበት ይገባል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ዳንግላ ተወልጄ አሁን ኤደንብራ ነው የምኖረው። እዚህ የስኮትላንድ ምክር ቤት በየሳምንቱ መሪውን አቁሞ ይጠይቃል፣ በቴሌቪዥን እናያለን። እኛ ጋ ለምን አይሆንም? ክልል ማለትኮ እንደነሱ ነው።

መልስ፦ ወንድማችን፣ ተመሳሳይነቱን ማየትህ ጥሩ ነው። ስኮትላንድ የራሷ ምክር ቤት የከፈተችው በፈረንጆች 1999 ነው፤ 129 አባላት አሉት። ጤናና ትምህርት የእነሱ ሥልጣን ናቸው፣ መከላከያና የውጭ ጉዳይ ለንደን ቀርተዋል። ትልቁ ገንዘባቸው ከለንደን በቀመር ይመጣል፣ የእኛ ክልሎች ከፌዴራል ድጎማ በቀመር እንደሚያገኙት ማለት ነው። «ገንዘቡ ከላይ አልመጣም» የሚለው ክርክርም እዚያም አለ።

ሐሙስ በእኛ አቆጣጠር ቀን 6 ሰዓት ላይ የሚደረገውን ጥያቄና መልስ ሁሉም ያየዋል። እኔን የሚያስቀናኝ ግን እሱ አይደለም፣ እዚያማ ብዙው የፓርቲዎች ፉክክር ነው። የሚያስቀናኝ በቴሌቪዥን የማይታየው ነው። አንድ አባል በጽሑፍ ይጠይቃል፣ ጥያቄው ቁጥር ይሰጠዋል፣ ምክር ቤቱ ሥራ ላይ ባለበት ጊዜ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ይጠበቃል፣ ጥያቄውም መልሱም ማንም እንዲያነበው ይወጣል። ስለዚህ አባሉ ከሦስት ወር በኋላ ተነስቶ «በዚህ ቁጥር ለጠየቅሁት እንዲህ ብላችሁ ነበር፣ ሆነ ወይ?» ማለት ይችላል። ያነሳነው ሁለተኛ ጥያቄ ይኸውልህ።

ሌላው መለኪያ አስቀድሞ መኖሩ ነው። እዚያ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ከሚገቡት 95 በመቶዎቹ በአራት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ታክመው ወይ ወደ ቤት፣ ወይ ወደ አልጋ፣ ወይ ወደ ሌላ ሆስፒታል መሄድ አለባቸው የሚል ግብ አለ። ግቡ እንዳልተመታ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል፣ ጠያቂው መጮኽ አያስፈልገውም። እኛም ጋ መለኪያ ሞልቷል። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ለ25,000 ሰው፣ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ መጽሐፍ ለአንድ ተማሪ አንድ። እነዚህን ሰነዶች የጻፈው መንግሥት ራሱ ነው። ተመራጮቻችን ይዘዋቸው ቢገቡ ግማሹ መንገድ ተሄደ ማለት ነው።

ልዩነቱንም ልንገርህ። የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫ ነው ያለው፣ ጉባኤው ግን በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ብዙው አባል ሌላ መደበኛ ሥራ አለው፣ አብዛኛው መቀመጫም የአንድ ፓርቲ ነው። የራሱን ፓርቲ ሹም የሚጠይቅ ሰው ሌላ ድፍረት ይጠይቀዋል። ቢሆንም በየሳምንቱ መሰብሰብ ሳያስፈልግ የጽሑፍ ጥያቄ መጀመር ይቻላል። ወረቀትና መዝገብ ቤት ነው የሚፈልገው።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ የወረዳ ምክር ቤት አባል ነኝ፣ ምዕራብ ጎጃም። ጉባኤ ላይ ሪፖርቱ ይነበባል፣ ሰፊ ነው፣ የዚያኑ ዕለት ነው እጃችን የሚገባው። ሁሉም ነገር ከዘጠና በመቶ በላይ ተፈጽሟል ይላል። ሕዝቡን አውቀዋለሁ፣ እንደዚያ አይደለም። ግን ተነስቼ ምን ብዬ ልጠይቅ? ተቃዋሚ መባልንም እፈራለሁ።

መልስ፦ ከደረሱን ሁሉ ልቤን የነካው ይህ ደብዳቤ ነው፣ ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

መጀመሪያ ፍርሃቱን እናንሳ። የወረዳው አስተዳዳሪ ለእርስዎ ምክር ቤት ተጠሪ ነው፤ መረጣችሁት፣ ሪፖርት የሚያቀርበውም ለእናንተ ነው። በጀቱን ያጸደቃችሁት እናንተ ናችሁ። ያጸደቁት ገንዘብ የት እንደዋለ መጠየቅ ተቃውሞ አይደለም፣ ሥራዎ ነው። የአገራችን ሰው ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል፤ እዚህ ላይ የሚቀረው ግን የእርስዎ ሹመት ሳይሆን የቀበሌው ውኃ ነው። ብቻዎን መነሳት ከከበደዎ በቋሚ ኮሚቴ በኩል ያድርጉት። ኮሚቴው የመስክ ምልከታ ሄዶ ያየውን ጽፎ ሲያቀርብ ጥያቄው የአንድ ሰው መሆኑ ይቀራል። ጥያቄውን ከጉባኤው ቀደም ብሎ ለኃላፊው በጽሑፍ መላክም አይከፋም። ድንገት ተጠየቅሁ ብሎ አይቆጣም፣ መረጃው እጄ ላይ የለም ብሎም አያመልጥም።

አሁን ወደ ዘጠና በመቶው። ያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ዕቅዱ ምን ያህል እንደተሠራ ነው የሚናገረው፣ ሰው ምን እንዳገኘ አይደለም። «የውኃ ተቋማት ጥገና 92 በመቶ» ቢባል፣ ዕቅዱ ትንሽ ከነበረ 92ቱም ትንሽ ነው። በመቶውን ይተዉትና ቆጠራውን ይጠይቁ፦ በወረዳው ያሉ የውኃ ነጥቦች ስንት ናቸው? ዛሬ ውኃ የሚሰጡት ስንት ናቸው? ከቆሙት ውስጥ በመለዋወጫ እጦት የቆሙት ስንት፣ ውኃው ራሱ የጠፋባቸው ስንት? የትኞቹ ቀበሌዎች ናቸው? የራስዎን ቀበሌ ደግሞ አስቀድመው ቆጥረው ይግቡ። ሪፖርቱ አምስት ይሠራሉ ብሎ እርስዎ ሁለት ከቆጠሩ፣ ሌላ ንግግር አያስፈልግም።

ከዚያ በጀት። ከ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ጀምሮ ወረዳዎች ጥቅል በጀት እየተሰጣቸው ራሳቸው እንዲደለድሉ ተደርጓል፤ ነገር ግን የብዙው ወረዳ ገንዘብ አብላጫው ለደመወዝ ነው የሚሄደው። መምህሩ አለ፣ ጠመኔ የለም። ነርሷ አለች፣ ጓንት የለም። አምቡላንሱ ቆሟል፣ ነዳጅ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ጽሕፈት ቤት አንድ ነገር ይጠይቁት፦ ደመወዝ ሲነሳ ለሥራ ማስኬጃ የተመደበው ስንት ነው? ከሐምሌ ጀምሮ ስንቱ ተለቀቀ? ለምን ዋለ? እኔ ምክር ቤት ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም አገልግሎት የሚባለው ነገር ያለው ከደመወዝ በተረፈችው በዚያች ገንዘብ ላይ ነው፤ ነዳጁም፣ ጠመኔውም፣ የፓምፑ መለዋወጫም ከዚያች ነው የሚወጣው፣ የበጀት ዓመቱ አጋማሽ ላይ ስታልቅ ደግሞ እስከ ሰኔ ድረስ ሁሉም ነገር ይቆማል፣ ሪፖርቱ ግን መቆሙን አይጽፍም።

ሪፖርቱ በዕለቱ መታደሉን በተመለከተ፣ እሱን ራሱን አጀንዳ አድርጉት። ከጉባኤው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ይድረሰን ብላችሁ ወስኑ፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ሌላው ደግሞ የኦዲት ግኝት ነው። ለክልሉ ምክር ቤት ሪፖርት የሚያቀርብ ዋና ኦዲተር አለ፤ ወረዳችሁ ኦዲት ተደርጎ ከሆነ ግኝቱንና የተሰጠውን ማስተካከያ ይጠይቁ። «ባለፈው ዓመት ይመለስ የተባለው ገንዘብ ተመለሰ?» የምትል አጭር ጥያቄ አንድ ሰዓት ከሚፈጅ ንግግር ትበልጣለች።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከመጠየቅዎ በፊት መግቢያ አያብዙ። «በቅድሚያ የተሠሩትን አመርቂ ሥራዎች እያደነቅሁ» ብለው አምስት ደቂቃ ከጨረሱ፣ ጥያቄው ሲመጣ ሰዓቱ አልቋል፣ ኃላፊውም ምስጋናውን መርጦ ይመልሳል። አምስት ጉዳይም በአንዴ አያንሱ፤ የቀለለውን መልሶ ከባዱን ይዘለዋል። አንድ ጉዳይ ያንሱ፣ መልስ ይስሙ፣ ካልተመለሰ ያንኑ ደግመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የምትጽፉት ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ለሰላም ጊዜ ነው። እኛ ጋ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፣ የወረዳ ሰዎችም ከተማ ነው ያሉት። ማንን ነው የምንጠይቀው?

መልስ፦ ልክ ነዎት። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት አዘግቷል፣ ጤና ተቋማትንም ጎድቷል። ወረዳው ሥራ ላይ በሌለበት ቦታ የወረዳ ምክር ቤት ይጠይቅ ማለት አይቻልም።

የክልሉ ምክር ቤት ግን ባሕር ዳር ላይ ይሰበሰባል፣ በጀትም ያጸድቃል። በተዘጋ ትምህርት ቤት ስም የተያዘ በጀት ምን ላይ ዋለ? ከትምህርት የቀሩት ልጆች በየዞኑ ስንት ናቸው? ማካካሻውስ እንዴት ታስቧል? መድኃኒትና ክትባት እዚያ የሚደርስበት መንገድ ምንድን ነው? እነዚህን የክልል ተመራጫችሁ መጠየቅ አለበት፤ ከተማ ላይ ዘመድ ያላችሁ በዘመድ በኩል አድርሱት። ልጆቹ ከትምህርት የቀሩት በእነሱ ጥፋት አይደለም፣ ስለ እነሱ ዝም የሚል ምክር ቤት ዋና ሥራውን አልሠራም። ነገር ግን መረጃ ሰብስቦ መንቀሳቀስ ለሕይወታችሁ የሚያሰጋ ከሆነ ተዉት። ማንም ለደረሰኝ ብሎ መሞት የለበትም።

ጥያቄ፦ እኔ ተመራጭ አልጠብቅም፣ ራሴ የበጀቱን ወረቀት ማየት እችላለሁ? ከልክለውኛል።

መልስ፦ ይችላሉ። የመረጃ ነፃነት አዋጁ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ለምን እንደፈለጉት መናገር አይጠበቅብዎትም። መልስ የሚሰጠው በ30 ቀን ውስጥ ነው። አዋጁ ራሱ የሚከለክላቸው ነገሮች አሉ፣ የግለሰብ ምስጢርና የፀጥታ ጉዳይ ለምሳሌ፤ ምክር ቤት ያጸደቀው በጀት ግን ከእነዚህ ውስጥ አይገባም።

በቃል አይጠይቁ፣ በማመልከቻ ያድርጉት። ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት ይስጡ፣ ሌላው ላይ ደርሶናል የሚል ማኅተምና ቀን ያስደርጉ። ቀኑ ካለፈ ወይም ከከለከሉዎ ያንኑ ቅጂ ይዘው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ እሱም ካልፈታው ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታዎን ያቅርቡ፣ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። የክልል ተመራጭዎም አንድ ቅጂ ይድረሰው፤ የሚቀጥለው ጉባኤ ላይ «ይህ ሰው ለምን ተከለከለ?» ብሎ ሊጠይቅበት ይችላል።